አዛውንት ወላጅ ሐኪም ቤት መመላለስ ሲያበዙ፦ ከየት ይጀመራል?

ደም ግፊት፣ ስኳርና የጉልበት ሕመም ያለባቸው አዛውንት ለክትትል ጤና ጣቢያ፣ ለጉልበታቸው የግል ክሊኒክ፣ ለሳላቸው ደግሞ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳሉ። በሁሉም ቦታ ካርድ አላቸው፤ አንዱ ሐኪም ሌላው ያዘዘውን ግን አያውቅም። ምልልሱን የሚያበዛው ሁልጊዜ የበሽታው ክብደት አይደለም። አንዱ ክኒን ያመጣው ችግር እንደ አዲስ ሕመም ታይቶ ሌላ ክኒን ይታዘዝለታል፤ ያኛው ደግሞ የራሱን ጣጣ ያመጣል። ሥራው የሚጀመረው ከመድኃኒቱ ነው።

መድኃኒቱን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቡ

ቤት ውስጥ ያለውን በሙሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ክተቱ፤ የታዘዘውን፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውን፣ ጎረቤት "ለኔ በጀኝ" ብላ የሰጠችውን፣ ልጆች ከውጭ የላኩትን፣ ቫይታሚኑን፣ የሚጠጣ የባህል መድኃኒት ካለም እሱን። ትራስ ሥር መፈለግ አይዘንጋ። ከዚያ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ስጡ፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ በሚሊግራም፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለምን፣ የት ታዘዘ፣ ከመቼ ጀምሮ።

ስሙን ስትገለብጡ ጉልህ ሆኖ የተጻፈውን የንግድ ስም ብቻ አትያዙ፤ አጠገቡ በትንሹ የተጻፈውንም ያዙ። ኖርቫስክ የሚባለው የግፊት መድኃኒት አምሎዲፒን ነው፤ ከስኳር ክኒኖቹ ግሉኮፋጅ ሜትፎርሚን ነው፤ ዳኦኒል ደግሞ ግሊቤንክላማይድ። ከአሜሪካ የተላከ ኖርቫስክና ከጤና ጣቢያ የተሰጠ አምሎዲፒን አብረው የሚውጡ እናት አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ እየወሰዱ ነው። እግራቸው ሲያብጥ፣ ሲነሱ ሲያዞራቸው እንደገና ወደ ሐኪም ይሄዳሉ። ተደራርቦ ያገኛችሁትን በዚያው ቀን ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት አሳዩ፤ ሌላውን ግን የማያስፈልግ ቢመስላችሁም በራሳችሁ አታስቁሙ።

በሽታ የሚመስሉ የመድኃኒት ጣጣዎች

ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች አንዳንዶቹን ደረቅ ሳል ይይዛቸዋል። አክታ የለውም፣ ትኩሳት የለውም፣ ጉሮሮን እየከረከረ ሌሊት ይቀሰቅሳል። መድኃኒቱ ከተጀመረ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ስለሚመጣ ማንም አያያይዘውም። ሽሮፑም አንቲባዮቲኩም አይነካውም፤ መድኃኒቱ ሲቀየር ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይተዋል። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ነገሩ ሌላ ነው፤ ቀጠሮ አይጠበቅለትም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፣ በተለይ በቀን 10 ሚሊግራም ሲደርስ። እብጠቱ ወደ ማታ ይብሳል፤ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ይሆን እንደሆነ መታየቱም ግድ ነው። ምክንያቱ አምሎዲፒን ከሆነ ግን የሚያሸና መድኃኒት መጨመሩ እምብዛም አያጠፋውም። የሚያተርፈው የሌሊት ሽንትን ነው፤ አዛውንት ደግሞ በጨለማ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ሊወድቁ ይችላሉ። ሐኪሙ መጠኑን መቀነስ ወይም መቀየር ይችል እንደሆነ ጠይቁ። የሚያሸና መድኃኒት የግድ ከሆነም ጠዋት መውሰድ ይቻል እንደሆነ አረጋግጡ።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ነው። ለጉልበትና ለወገብ ተብሎ በክኒንም በመርፌም በቀላሉ ይገኛል፤ ለጊዜውም ደህና ያስታግሳል። ግን ደም ግፊትን ይጨምራል፣ የግፊት መድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል፣ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ላይ ይከብዳል። ከኢናላፕሪልና ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሦስት ሆኖ ሲገጥም የኩላሊቱ አደጋ ይበረታል። አይቡፕሮፌንም የዚሁ ወገን ነው። "ግፊታቸው አልወርድ አለ" ተብሎ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት በየሁለት ሳምንቱ የሚወጉት የጉልበት መርፌ ይኖር እንደሆነ ለሐኪሙ መንገር አለባችሁ፤ እሱ ላይጠይቅ ይችላል። ለሕመሙ መጀመሪያ የሚሞከረው ፓራሲታሞል ነው፤ አንድ ጊዜ 500 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ለአዛውንት ከ3 ግራም ሳያልፍ። የጉበት ሕመም ካለ ወይም ሰውነታቸው በጣም ከሳ መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ጾምና የስኳር ክኒን

ግሊቤንክላማይድ የሚውጡ ሰው ሳይበሉ ከዋሉ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል፤ ኩላሊታቸው ከደከመ ደግሞ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ነገሩ ይብሳል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳን እስከ መግሪብ የሚቆዩ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ ከ1 እስከ 2 ወር ቀደም ብላችሁ ስለ መጠኑና ስለ ሰዓቱ ሐኪሙን አማክሩ። ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ነገር ከተምታታባቸው በመሣሪያ ለኩ። ስኳሩ ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙ፤ ሲወጣ ምግብ ይከተል። መሣሪያ ከሌለ ሳትለኩም ስጡ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ አምቡላንስ ይጠራል። በግሊቤንክላማይድ የመጣ የስኳር መውረድ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል "ተሻላቸው" ብሎ ብቻቸውን መተው አይገባም።

ቤት ውስጥ የሚለካ ደም ግፊት

ሐኪም ቤት ተሰልፈው፣ ደረጃ ወጥተው፣ ሽንታቸውን ይዘው የተለኩት ቁጥር ይጨምራል። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ትታችሁ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ግዙ፤ ጨርቁ ለክንዳቸው ልክ ይሁን፣ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና የለም። ሽንት ይሽኑ፣ ጀርባቸውን አስደግፈው እግራቸውን ሳያጣምሩ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ በልባቸው ትክክል ይረፍ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ7 ቀን ለኩ። የመጀመሪያውን ቀን ጣሉት፣ የቀረውን አማካይ ይዛችሁ ሂዱ። አማካዩ 135/85 ወይም በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል።

ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ተቀምጠው ከተለኩ በኋላ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ለኩ፤ አጠገባቸው ሰው ይቁም። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ጽፋችሁ ያዙ። ይህን ቁጥር ያየ ሐኪም ለማዞሩ ሌላ ክኒን ከማዘዝ ይልቅ ያለውን ሊቀንስ ይችላል።

አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ ካርድ

ክትትሉ በአንድ ቦታ ይሁን። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያላቸው ከጤና ጣቢያ ጀምረው በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ያልፋሉ፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ከድንገተኛ በቀር ወጪው ሙሉ በሙሉ ላይሸፈንላቸው ይችላል። የመድኑ መታወቂያ በየዓመቱ ይታደሳል። ያልታደሰ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ነው፤ ከቀጠሮው በፊት እዩት።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት የግፊት መድኃኒታቸውን ውጠው ይሂዱ፤ "ሐኪሙ ትክክለኛውን እንዲያይ" ብለው የሚተዉት ከፍ ያለ ቁጥር አሳይተው ተጨማሪ ክኒን ይዘው ይመለሳሉ። በባዶ ሆድ የሚሰጥ የደም ምርመራ ካለ ውኃ ይፈቀዳል፣ የስኳሩ ክኒን ግን እስኪበሉ ይቆያል። ፌስታሉንና ደብተሩን ያዙ። ጥያቄ ከሦስት አይብለጥ፤ ዋናው መጀመሪያ ይጠየቅ፣ በሩ ላይ አይደለም። ከመውጣታችሁ በፊት ቀጣዩ ቀጠሮ በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር እንደተጻፈ ጠይቁ፤ በዚህ ብቻ ቀጠሮ የሚያልፍባቸው ጥቂት አይደሉም። በሽታው ከተረጋጋ የ2 ወይም የ3 ወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ ይሰጥ እንደሆነም ጠይቁ። ክኒኑ ሊያልቅ 7 ቀን ሲቀረው ፍለጋው ይጀመር፤ መንግሥት ፋርማሲ "የለም" ሲል አዲስ አበባ ውስጥ ከነማ መድኃኒት ቤቶችን ማዳረስ ጊዜ ይወስዳል።

ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖ "ይቆራርጠኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብ አይበላልኝም" እያሉ የሚመላለሱም አሉ። "እርጅና ነው" ብሎ ማለፍ አይበጅም። ድባቴ በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በሰውነት ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። የትዳር ጓደኛ ከሞተ ወይም ልጆች ከተበተኑ ወዲህ የጀመረ ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩት።

ቀጠሮ የማይጠበቅለት

አፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ ንግግር መኮላተፍ፤ የደረት ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር፤ ጥቁር ሰገራ፤ ወድቀው መቆም አለመቻል፤ ግፊቱ ከ180/120 በላይ ሆኖ ከነዚህ ምልክቶች አንዱ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን መጋረድ ሲኖር። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ቀኑና ሰዉ ከተምታታባቸው እሱም እዚህ ይገባል፤ በአዛውንት ላይ የሳንባ ምችና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት በመዘባረቅ ብቻ ሊጀምሩ ይችላሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ 939ም አለ። ሲጀምራቸው ስንት ሰዓት እንደነበር ጻፉ፤ ስትሮክ ከሆነ የሕክምናው ዓይነት የሚወሰነው በዚያ ሰዓት ነው።

ተኝተው ታክመው ሲወጡ በዚያው ምሽት የመውጫ ወረቀቱን ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። የቆመ፣ የተጨመረ፣ መጠኑ የተቀየረ የትኛው ነው? የቆመው መድኃኒት ከቤት ይውጣ፤ መሳቢያ ውስጥ ከቀረ በማግሥቱ መዋጡ አይቀርም።