የሰርቨር ክዳን ሲከፈት የሚፈጸሙ ስህተቶች

በጅማ ከተማ ሰርቨሮችን (የመሥሪያ ቤት መረጃ የሚይዙ ኮምፒውተሮችን) በመጠገን ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ በራሳቸው ብልሽት ከሞቱት ማዘርቦርዶች (ሌሎቹ ክፍሎች ከሚሰኩባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ይልቅ ብልሽቱ ሊመረመር ክዳናቸው ሲከፈት የሞቱት ያሳዝኑኛል። አብዛኞቹን ያጠፋቸውም አንድ ዓይነት ስህተት ነው፤ አንዱን የኃይል ገመድ ብቻ ነቅሎ ሰርቨሩ ጠፍቷል ብሎ ማመን።

ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፓወር ሰፕላይ አለው፤ እንዲህ የተሠራውም አንዱ ቢቋረጥ በሌላው ሥራውን እንዲቀጥል ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማችን አንዱ ገመድ ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል ከሚሰጠው መሣሪያ)፣ ሌላው በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ስለሚያያዝ፣ ከግድግዳው የነቀለ ሰው ዩፒኤሱን ይረሳዋል። ማብሪያውን ተጭኖ ማጥፋትም አይበቃም፤ ፋኖቹ ይቆማሉ፣ ድምፁም ይጠፋል፣ ነገር ግን አንድ ገመድ እንኳ እስከተሰካ ድረስ ተጠባባቂው ኃይል በማዘርቦርዱ ላይ እንዳለ ነው። አንድ ትጉህ ወጣት ባልደረባዬ ድምፁ ስለጠፋ ብቻ ተማምኖ ሚሞሪውን ሲነቅል፣ በማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት እንደበራች ነበር። ሚሞሪውን መልሶ ሲሰካው ሰርቨሩ ዳግመኛ አልተነሣም፤ ምትክ ማዘርቦርድ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስም የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ባለጉዳይን በወረቀት ሲያስተናግዱ ሰነበቱ። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፦ በመጀመሪያ ሲስተሙን በሥርዓቱ አጥፉት፤ ሁለቱንም ገመዶች ከሰርቨሩ ጀርባ ንቀሉ፤ ከዚያም ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭናችሁ የቀረው ኃይል እንዲወጣ አድርጉ፤ የማዘርቦርዱ መብራት መጥፋቱን በዓይናችሁ ሳታዩ እጃችሁን አታስገቡ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን ፈጽሞ አትፍቱት፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ የሚቀረው ኃይል ሰውን ይጎዳል።

ስታቲክን፣ ማለትም በሰውነታችን ላይ ተጠራቅሞ በፍንጣሪ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ፣ በተመለከተ «ጅማ እርጥብ ናት፤ ስታቲክ እዚህ አያሰጋም» የሚሉ ጀማሪዎች አሉ። የደጁ እርጥበት እውነት ነው፤ የሰርቨር ክፍሉን አየር ግን ኤር ኮንዲሽነሩ ቀን ከሌት ያደርቀዋል። ሰው ፍንጣሪው በጣቱ የሚሰማው ወደ 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ሲሆን፣ አንዳንድ ቺፖች ግን ከ100 ቮልት በታች በሆነ ፍንጣሪ ይበላሻሉ፤ እጃችሁ ምንም ሳይሰማው ዕቃው ሊሞት ይችላል ማለት ነው። ስታቲኩን ከሰውነታችሁ የሚያስወግደውን የእጅ አንጓ ማሰሪያ ቀለም ካልተቀባ የሰርቨሩ አካል ብረት ጋር አያይዙት። ማሰሪያው ቢጠፋባችሁ በተራ ሽቦ አትተኩት፤ በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር የተቀመጠው ለእናንተው ደኅንነት ነው።

ዲስኮችን ቁጥር ሳይጽፉባቸው ማውጣትን እኔም ፈጽሜዋለሁ። ስድስት ዲስኮች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ስመለስ፣ ጽዳት ላይ የነበረች እህት አቧራውን ልትጠርግ ብላ በጥንቃቄ ቆልላቸው አገኘሁ። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። የዲስኮችን ቅደም ተከተል ራሳቸው የሚለዩ የሬድ መቆጣጠሪያዎች (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠሩ ካርዶች) አሉ፤ የእኔው አሮጌ ስለነበር ትክክለኛውን ቦታቸውን ስፈልግ ሌሊቱ ነጋ። ከዚያ ወዲህ ፕላስተርና እስክሪብቶ ከቦርሳዬ ተለይተው አያውቁም።

ሰርቨሩን አቧራ ለማስነፋት ወደ ጎሚስታ አትውሰዱት፤ ከኮምፕረሰሩ ከአየሩ ጋር ውኃና ዘይትም ይወጣል። ከባድ ሰርቨርንም ለሁለት ሆናችሁ አንሱ።

የስህተት መዝገቡን ሳያነቡና ሳይገለብጡ፣ በፊት ለፊቱ የበሩትን መብራቶችም በስልክ ፎቶ ሳያነሱ ማጥፋትም ሌላው ጥፋት ነው፤ የሚያስጠነቅቀው ቢጫ መብራት የትኛው ሚሞሪ ወይም ዲስክ አጠገብ እንደነበር ገመዱ ከተነቀለ በኋላ የሚነግራችሁ የለም።