የኦንላይን ቅጽ ደንበኛን ወደ ተሳሳተ ጥያቄ ሲመራ፦ ችግርና መፍትሄ

አንድ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ አዳዲስ ደንበኞቹን በኦንላይን ቅጽ ይመዘግባል እንበል። ቅጹ በመጀመሪያ ደንበኛው ግለሰብ ነጋዴ ወይም ድርጅት መሆኑን ይጠይቅና እንደ መልሱ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ጥያቄ ያቀርባል። ከዚህ በታች የተጻፉት ችግሮች እንዲህ ባለው ቅጽ ላይ የሚያጋጥሙ ናቸው።

ግለሰቡ የድርጅቱንም ጥያቄዎች ይጠየቃል

ደንበኛው «ግለሰብ» የሚለውን መርጦ ወደ ትክክለኛው ክፍል ይገባል፤ የንግድ ፈቃድ ቁጥሩንና አድራሻውን ሞልቶ ሲቀጥል ግን የድርጅት መመሥረቻ ጽሑፍ እንዲያያይዝ ይጠየቃል። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠረጥረው የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ግን ሥራውን በትክክል ሠርቷል። የጉግል የቅጽ ማዘጋጃ በሆነው ጉግል ፎርምስ አንድ ክፍል ሲያልቅ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠ በስተቀር፣ ቅጹ በቅደም ተከተል ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ ደንበኛው በየትኛው መልስ ወደዚያ እንደገባም ከግምት አያስገባም። ስለዚህ ከግለሰቡ ክፍል ግርጌ ያለውን ምርጫ ከፍተው፣ ወደ ቀጣዩ ክፍል ከመሄድ ይልቅ ሁለቱም ዓይነት ደንበኞች ወደሚገናኙበት የመጨረሻ ክፍል እንዲሻገር፣ የሚገናኙበት ክፍል ከሌለም ቅጹ እዚያው እንዲላክ ያድርጉ።

ይህ ተስተካክሎም ችግሩ አልፎ አልፎ ከታየ፣ ምናልባት የመጀመሪያው ጥያቄ ግዴታ አልተደረገም ይሆናል። ጥያቄውን ሳይመልስ ያለፈ ደንበኛ የሚመራው መልስ ስለሌለው በተራ ወደሚመጣው ክፍል ይገባል።

መልስን ከክፍል ጋር የማገናኘት ምርጫው አይገኝም

በጉግል ፎርምስ አንድን መልስ ከሚከተለው ክፍል ጋር ማገናኘት የሚቻለው አንድ መልስ ብቻ በሚመረጥባቸው ጥያቄዎች፣ ማለትም በመልቲፕል ቾይስ (ከተደረደሩ አማራጮች አንዱ የሚመረጥበት) እና በድሮፕዳውን (ሲነካ ከሚዘረጋ ዝርዝር የሚመረጥበት) ነው። ቼክቦክስ ብዙ መልስ ስለሚቀበል አይፈቀድለትም። አገልግሎቶቹ ሁለት ሆነው ደንበኛው ሁለቱንም ሊፈልግ የሚችል ከሆነ «ሁለቱንም» የሚል አማራጭ ጨምረው ከሚገባው ክፍል ጋር ያገናኙት።

ቅድመ ሁኔታው ለአንዳንድ ደንበኞች ብቻ ይሠራል

በአማርኛ በተዘጋጁ ቅጾች ላይ ይህን ችግር ከሁሉ አስቀድሜ እፈትሻለሁ። የጽሑፍ መልስን በሚያወዳድሩ መሣሪያዎች አንድ ጥያቄ ተደብቆ ቆይቶ «ከተማው ሐዋሳ ከሆነ» ብቻ እንዲወጣ ቅድመ ሁኔታ ከተቀመጠ፣ ደንበኛው «ሀዋሳ» ወይም «ሃዋሳ» ብሎ ሲጽፍ የተደበቀው ጥያቄ አይወጣለትም። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በቁጥር በሚለዩበት በዩኒኮድ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። «አዲስ አበባ» እና «አ.አ» ደግሞ ከነጭራሹ አይመሳሰሉም። ደንበኛውን ፊደል እንዲጠነቀቅ ማሳሰብ መፍትሄ አይሆንም፤ ሸክሙ የቅጹ አዘጋጅ ነው። ቅድመ ሁኔታ የሚመሠረትበት መልስ ሁሉ ከዝርዝር የሚመረጥ እንጂ በእጅ የሚጻፍ መሆን የለበትም።

ጥያቄው ፈጽሞ አይታይም፣ ወይም ሁልጊዜ ይታያል

አንድ ጥያቄ ከአንድ በላይ ቅድመ ሁኔታ ሲኖረው የሚመረጡት «ሁሉም ሲሟሉ» እና «አንዱ ሲሟላ» የሚሉት ምርጫዎች ተቀያይረው ይሆናል። ከተማው አዳማ እንዲሁም ባሕር ዳር እንዲሆን የሚጠይቅ ቅድመ ሁኔታ በማንም ሊሟላ አይችልም። በተቃራኒው «አዳማ ካልሆነ ወይም ባሕር ዳር ካልሆነ» የሚለው ለሁሉም ሰው እውነት ነው።

መላኪያው ተጭኖ ቅጹ አይላክም

ቅጹ በድረ ገጽ ላይ በራስዎ ኮድ የተሠራ ከሆነ፣ የተደበቀ ነገር ግን ግዴታ የሆነ ጥያቄ መኖሩን ይመርምሩ። ብራውዘሩ ባዶውን ሳጥን አይቶ መላኩን ይከለክላል፤ ሳጥኑ ስለማይታይ ግን ምን እንደጎደለ ለደንበኛው ማሳየት አይችልም። ጥያቄው ሲደበቅ «ዲስኤብልድ» (disabled) የሚለው ባሕርይ አብሮ እንዲበራ፣ ሲገለጥም እንዲጠፋ ያድርጉ። እንዲህ የተዘጋ ሳጥን አይፈተሽም፣ አይላክምም። ይህም «ድርጅት» ብሎ ከሞላ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ «ግለሰብ» ያለ ደንበኛ ቀድሞ የጻፈው መረጃ ሳያውቀው አብሮ እንዳይላክ ያደርጋል። እንደ ጆትፎርም ባሉ ዝግጁ መሣሪያዎች የሚሠሩ ከሆነም የተደበቁ መልሶችን የሚያጠፋውን ምርጫ በቅንብሩ ውስጥ ይፈልጉ።

እያንዳንዱን ለውጥ ካደረጉ በኋላ ቅጹን በሁሉም መንገድ ራስዎ ሞልተው ይላኩ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ መልሱን መሐል ላይ ቀይረው ይሞክሩ፤ ከዚያም የደረሰዎትን መልስ ከፍተው የሌላው ክፍል ሳጥኖች ባዶ መሆናቸውን ያረጋግጡ።