የዳማን ሽታ በመስኮት ማስወጣት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለችው የስፌት ክፍሌ አንድ መስኮት ብቻ ነው ያላት። በግንቦት ሙቀት አንዲት ደንበኛዬ ቀሚስ ልትለካ ገባችና አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ «አቦ፣ ድመት አለሽ እንዴ?» አለችኝ። ድመቴ ዳማ የምትጸዳዳበት የአሸዋ ሳፋ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ዕጣን አጨስኩ፤ ከሽንቱ ጋር ተቀላቅሎ ጭራሽ ባሰ። በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያ ሲያፈርሰው አሞኒያ ይወጣል፤ የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ያጣድፈዋል። ስለዚህ ሽታውን መሸፈኑን ትቼ ማስወጣቱን ያዝኩ፦ አሸዋው ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ይሆናል፣ አየሩ ደግሞ በቱቦ ተስቦ በመስኮት ይወጣል።

ክዳን ያለው፣ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ከፍ ያለ የፕላስቲክ ሳጥን፣ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ፣ አንድ ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ)፣ ሲሊኮን፣ ናስትሮና ከተበላሸ ኮምፒውተር የወጣ 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ ያስፈልጋል። ማራገቢያው በ12 ቮልት ይሠራል፤ የአሮጌ ኢንተርኔት መሣሪያ አዳፕተር ይበቃዋል። አምፔሩ ግን ማራገቢያው ላይ ከተጻፈው ማነስ የለበትም።

በሳጥኑ አንድ ጎን 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የድመት በር ቁረጡ። አሸዋው እንዳይፈስ የበሩ ከንፈር ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ቱቦው በተቃራኒው ጎን፣ ከክዳኑ ሥር ይግባ።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ማራገቢያውን ሳጥኑ ላይ፣ ወደ ውስጥ እንዲነፋ አድርጌ ገጠምኩት። ሽታው በድመቷ በር ተገፍቶ በቀጥታ ወደ ስፌት መኪናዬ መጣ! ማራገቢያ መሳብ እንጂ መግፋት የለበትም፤ ቦታውም የቱቦው መጨረሻ፣ መስኮቱ ጋ ነው። ያኔ ቱቦው ስንጥቅ ቢኖረው እንኳ የክፍሉን አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ሽታ አያሾልክም። አንዱን የመስኮት መስታወት በኮምፔንሳቶ ተካሁት፤ ቱቦውን በእሱ አሳልፌ ማራገቢያውን በውጭ በኩል በብሎን አሰርኩት። አብዛኞቹ ማራገቢያዎች የሚነፉት ጽሑፉ በተለጠፈበት በኩል ስለሆነ ያ ፊት ወደ ውጭ ይሁን። ከላዩ የዝናብ መከለያ ቆርቆሮ፣ ከፊቱ የወባ ትንኝ ወንፊት አድርጉ። መስኮቱ የጎረቤት ቡና ማፍያ ላይ የሚከፈት ከሆነ ግን ሌላ ጠብ ነው።

አሁን ዕጣኑ ሥራ አገኘ። የሚጨሰውን ማጨሻ ድመቷ በር ጋ አቅርቡት፤ ጭሱ ታጥፎ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ቀጥ ብሎ ከወጣ ክዳኑን በናስትሮ አሽጉ፣ ቱቦውንም አሳጥሩ፤ ይህች ትንሽ ማራገቢያ ረጅም መንገድና ብዙ መታጠፊያ አትችልም።

ድመቷን አታስደንግጡ። ዳማን ከለመደችው አሸዋ ጥቂት ጨምሬ ሦስት ቀን ያለ ማራገቢያ አስለመድኳት። ማታ 9 ቮልት አዳፕተር እሰካለሁ፤ ድምፁ ይቀንሳል።

መብራት ሲጠፋ ሽታው ይመለሳልና ቆሻሻውን በየቀኑ ማውጣት አይቀርም። ከደቻቱ ወንዝ የማስመጣውን አሸዋ ነፍቼ ፀሐይ ላይ አደርቀዋለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ አዳፕተሩን ነቅዬ በማራገቢያው ክንፎች ላይ የተጠመጠመውን ጸጉር እጠርጋለሁ፤ ስረሳ ዘይት እንዳጣ ስፌት መኪና ይጮሃል።