ግላይደሩ አልበር ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በእጅ የሚወረወር ግላይደር (ሞተር የሌለው ትንሽ አውሮፕላን) ስትሞክሩ ሰዓት ምረጡ። እኛ ደብረ ማርቆስ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳያልፍ እንጨርሳለን። ነፋስ ከተነሳ በኋላ ጥፋቱ የክንፉ ይሁን የነፋሱ አይለይም። ባሕር ዳር ያላችሁም የጣና ነፋስ ሳይቀድማችሁ ውጡ።

ቀና ይላል፣ ይቆማል፣ አፍንጫውን ይተክላል

ዋናው በሽታ ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጅራቱ ከብዷል። አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ሲል በክንፉ ጀርባ የሚያልፈው አየር ይላቀቅና ክንፉ መሸከም ይተዋል፤ ስቶል የሚሉት ነው። ሁለት ጣት ከክንፉ ሥር አድርጋችሁ አንሱት። ሚዛኑን የሚጠብቀው ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ፣ ከስፋቱ ሩብ እስከ ሲሶ ባለው ቦታ መሆን አለበት፤ 12 ሳንቲ ሜትር ለሚሰፋ ክንፍ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ካለፈ አፍንጫው ላይ ጭቃ ለጥፉ፣ በጥቂት በጥቂቱ። እኔ ሁለት ክንፍ በከንቱ ቀርጬ ስጥል አፍንጫው ላይ የጎደለው የአንድ ሃምሳ ሳንቲም ክብደት ነበር።

ሚዛኑ ልክ ሆኖም ካልተወ አወራወሩን እዩ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ከባሕር ወለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከመቶ 12 ያህል መፍጠን አለበት። ስለዚህ ቆላ ላይ የሚበቃው ለስላሳ ውርወራ እዚህ አይበቃም። ወደ ሰማይ ሳይሆን አድማሱን እያያችሁ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ልቀቁት። ኮላም አታብዙ፤ ክብደት ነው።

አፍንጫውን ደፍቶ ይወርዳል

የተገላቢጦሹ ነው። ጭቃውን ቀንሱ፣ ወይም የጅራቱን አግድም ክንፍ የኋላ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ቀና አድርጉ።

ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይዞራል

አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ከኋላ እዩት። ወደ ግራ የሚዞር ከሆነ የግራው ክንፍ የኋላ ጠርዝ ወደ ላይ ተጣሞ ይሆናል። ካርቶን ከሆነ ከሚፈላ ጀበና እንፋሎት አስጠግታችሁ አቅኑት፤ እስኪቀዘቅዝ አትልቀቁት። ፎም ግን ይቀልጥባችኋል፤ በትንፋሽ ብቻ እያሞቃችሁ መልሱት።

ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ግን ሩቅ አይደርስም

መጀመሪያ ለኩ። ከ1.5 ሜትር ከፍታ ተለቅቆ 9 ሜትር ከሄደ 6 ለ 1 ነው፤ አንድ ሜትር ሲወርድ ስድስት ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ዐሥር ጊዜ ወርውራችሁ መካከለኛውን ያዙ። ከዚያ 3 ሳንቲ ሜትር የስፌት ክሮች በክንፉ ጀርባ ላይ ጫፋቸውን ለጥፉና ረጋ ያለ ነፋስ ፊት ያዙት። የተኙት ክሮች አየሩ ክንፉን እንደያዘ፣ የሚንቀጠቀጡትና ወደ ፊት የሚገለበጡት እንደለቀቀ ያሳያሉ። መፍትሄው ሞኝነት ይመስላል፦ ከፊት ጠርዙ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ክንፉን ከዳር እስከ ዳር አንድ ክር በኮላ አጣብቁ። በትንሽና በዝግተኛ ክንፍ ላይ ልስልሱ አየር ቶሎ ይላቀቃል፤ ክሩ ሲያደናቅፈው ይታመስና ክንፉን ይዞ ይቆያል።

አንድ የሰፈር ልጅ «ጋሼ፣ ክር ቀርቶብህ ነበር» ብሎ ነቅሎ ሰጠኝ። የሚቀጥለው ውርወራ ሦስት እርምጃ አጥሮ ወደቀ፤ ልጁ ራሱ ኮላውን ሊያመጣ ሮጠ።