ሙጫ ወይስ ጎማ? የሲንክ ፍሳሽ ቱቦ ስቀይር

አዳማ ያለው ቤታችን ውስጥ የሲንኩ ፍሳሽ ቱቦ መገጣጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ያንጠባጥብ ነበር። መቀየሩ ቀላል ነው፤ ራስ ምታቱ በምን ይገጠም የሚለው ነው።

ሙጫ ርካሽ ነው፣ ቦታም አይፈጅም። ግን አንዴ ከያዘ ያዘ ነው። ቢደፈን መቁረጥ ብቻ ነው መላው። ደግሞ የፒቪሲ ሙጫ ፖሊፕሮፒሊን (ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ) ላይ አይሠራም፤ ባለሱቁ «ሁሉንም ይይዛል» ቢላችሁ አትስሙት። ውስጡ የጎማ ቀለበት ያለው መገጣጠሚያ ላይ ግን ቱቦው ተገፍቶ ይገባል፣ ሲፈለግ ይወጣል። ቱቦው በሙቅ ውሃ ሲለጠጥም ጎማው መላወሻ ይሰጠዋል።

እኔ ቀላቀልኩት። እጅ የማይደርስበት የግድግዳው ክፍል በሙጫ። ሲፎኑ (ከሲንኩ ሥር ያለው ጠማማ ቱቦ) ተጠምዝዞ በሚጠብቅ ቀለበት፣ ምክንያቱም የወጥ ቅባት የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ረጅሙ ቀጥታ መስመር በጎማ።

ጎማው ላይ አትቸኩሉ። የተቆረጠውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን አሹት፤ ስለታም ከሆነ ጎማውን ይልጠዋል ወይም ያጣጥፈዋል። የሳሙና ውሃ ቀቡት፣ ዘይት ግን በፍጹም። እስከ መጨረሻው ግፉና በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ለመለጠጫው ቦታ እንዲኖር 10 ሚሊ ሜትር ያህል መልሳችሁ ሳቡት።

ተዳፋቱን በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሰጠሁት። ሲንኩን ሞልቼ በአንዴ ለቀቅኩት፤ ከሥር ያነጠፍኩት ጋዜጣ ደረቅ ነው።