ዳማከሴ ለምትጨምቁ

ምች መታኝ ብላችሁ ዳማከሴ ልትቀጥፉ ነው? አስፋልት ዳር ካለ አጥር አትቁረጡ። ባሕር ዳር በበጋ የባጃጁ አቧራ ቅጠሉ ላይ ተጋግሮ ነው የሚውለው። ከጓሮ ይሻላል። አበባ ያወጣውን ጫፍ ለንብ ተዉትና ለጋ ለጋውን ቅጠል ምረጡ።

ዳማከሴ የበሶብላ ዘመድ ነው፤ ሽታው የሚወጣው በእርጥቡ ሲታሽ ነው። አንድ እፍኝ እጠቡ፣ ውሃውን አራግፉና መዳፋችሁ ላይ እሹት። መጀመሪያ እንቢ ይላል። ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴው ጭማቂ በጣቶቻችሁ መሃል መንጠባጠብ ይጀምራል። ያኔ በንጹህ ስስ ጨርቅ ጨምቁት። እናቴ ጥቂት ጠብታ ቡና ላይ ጣል ታደርግና የቀረውን ግንባርና አንገት ትቀባለች። አፍንጫ ውስጥ የሚጨምሩም አሉ፤ ለእኔ ማሽተቱ ይበቃኛል። ዓይን ውስጥ ግን በጭራሽ!

ደግሞ ጣና ዳር ወባ እንዳለ አትርሱ። ትኩሳት ኖሯችሁ ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ካንቀጠቀጣችሁ፣ «ምች ነው» ብላችሁ አትተኙ። በዚያው ቀን ተመርመሩ፤ ከጣት ጫፍ የምትወሰድ ጠብታ ደም ናት። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ከሆነ ጭማቂውን ከማጠጣታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።