የአባላዘር በሽታ ጥናት ልትሠሩ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ይህን የምጽፈው በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችን ወይም የከባድ መኪና ሹፌሮችን ይዛችሁ የመመረቂያ ጥናት ለምትጀምሩ ነው። የሰዎቹ ጊዜም ገመናም ዋጋ አለው። ጥናቱ ከተበላሸ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

ትልቁን ስህተት ላስቀድም። በሽታውን አግኝቶ፣ ቆጥሮ፣ ሳያክሙ መሄድ። አሜሪካ፣ አላባማ ግዛት፣ ቱስኪጊ ላይ የሆነውን እዩ። በፈረንጆቹ 1932 የመንግሥት የጤና አገልግሎት 600 ገደማ ጥቁር ወንዶችን መከታተል ጀመረ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። «መጥፎ ደም ነው ያለባችሁ» ተባሉ እንጂ እውነቱ አልተነገራቸውም። በ1940ዎቹ መጨረሻ ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን በደንብ ታውቆ ነበር። ለእነሱ ግን ሆን ተብሎ ተከለከለ። ጥናቱ የቆመው ወሬው ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ በ1972 ነው። እስከዚያ ሚስቶች ተይዘዋል፤ በሽታው ይዟቸው የተወለዱ ልጆችም ነበሩ።

እኛ እንዲህ አናደርግም ትሉ ይሆናል። ግን «ውጤትሽ ይኸው፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ» ብሎ ወረቀት ማስያዝስ? ሌሊት ስትሠራ ያደረች ሴት ጠዋት ተነስታ፣ ታክሲ ከፍላ፣ ካርድ አውጥታ፣ ሰው እያየ ትሰለፋለች? ብዙዎቹ አይሄዱም። የመድኃኒቱን ወጪ ከመመርመሪያው ጎን በጀት ውስጥ ጻፉት። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ ትታከም።

ሌላው ምልክትን ብቻ ማመን ነው። ጤና ጣቢያዎቻችን ፈሳሽና ቁስል አይተው መድኃኒት የሚሰጡት ላቦራቶሪ ስለሚያጥር ነው። ለሕክምና ይረዳል። ስርጭትን ለመለካት ግን አይሆንም። ክላሚዲያ የሚባለው የአባላዘር በሽታ ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም። ጨብጥም በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። «ፈሳሽ አለሽ?» ብላችሁ ብቻ ከቆጠራችሁ የቆጠራችሁት ምልክቱን እንጂ በሽታውን አይደለም። ለቲቢ የምናውቀው ጂን ኤክስፐርት ማሽን የክላሚዲያና የጨብጥ መመርመሪያ ካርትሪጅም አለው። ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ ብትወስድ ውጤቱ ባለሙያ ከወሰደው አያንስም። ሀፍረቱም ይቀንሳል።

ቂጥኝ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት አለ። በየቦታው የምንጠቀምበት ፈጣን ምርመራ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሰውየው ከዓመታት በፊት ታክሞ ቢድንም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ፖዘቲቭ ያሳያል። ሁሉንም «አሁን ቂጥኝ አለበት» ብላችሁ እንዳትጽፉ። በሽታው አሁን ያለ መሆኑን ለመለየት የሚረዳውን አር ፒ አር የሚባል የደም ምርመራ ጨምሩበት።

«ኮንዶም ትጠቀሚያለሽ?» የሚለው አንድ ጥያቄስ? እኔ በጣም የምቆረቆርበት ይህ ነው። ከሾርት (ለአጭር ጊዜ ከሚመጣ) ደንበኛ ጋር ሁልጊዜ የምትጠቀም ሴት ከቋሚ ደንበኛዋ ጋር ልትተወው ትችላለች። ከፍቅረኛዋ ጋርማ «አላመንሽኝም ወይ» ስለሚመጣ ጭራሽ ላታነሳው ትችላለች። አንድ ላይ ከጠየቃችኋት «አዎ» ትላለች። አልዋሸችም፤ ጥያቄያችሁ ነው የተሳሳተው። ለየብቻ፣ የመጨረሻውን ጊዜ እያነሳችሁ ጠይቁ።

ናሙና ከቡና ቤት ብቻ መልቀም በጣም የተለመደ ነው። መንገድ ላይ የሚቆሙት፣ ቤታቸው የሚሠሩት፣ በስልክ የሚጠሩት ይቀራሉ። አንዷ ለሌሎች ሦስት የምታውቃቸው ሴቶች ኩፖን እንድትሰጥ በማድረግ መድረስ ይቻላል። ማን ማንን እንደጋበዘች ግን በኩፖኑ ቁጥር መዝግቡ፤ አለበለዚያ ስሌቱ ይበላሻል።

ከቀበሌ ሰው ወይም ከፖሊስ ጋር አትግቡ። ሴትየዋ የምትሠራበት ቤት ባለቤት ፊትም ፈቃዷን አትጠይቁ፤ እዚያ እምቢ ማለት አትችልም። ቅጹ ላይ ስም አያስፈልግም፣ ኮድ ይበቃል።

በፈረንጆቹ 2004 ካምቦዲያ ውስጥ ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት በወሲብ ንግድ በሚተዳደሩ ሴቶች ላይ ሊሞከር ታስቦ ነበር። ሴቶቹ «መድኃኒቱ በኋላ ቢጎዳን ማን ያሳክመናል?» አሉ። የሚያረካ መልስ አላገኙም። መንግሥት ጥናቱን ሳይጀመር አስቆመው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ፕሮፖዛሉ ከመጽደቁ በፊት ይምጣላችሁ። ሁለት ሦስት ሴቶችን ጥሩ፤ ለጊዜያቸው ክፈሉ። መጠይቁን አብራችሁ አንብቡ። «ይሄን እንዲህ ብትጠይቁኝ አልመልስም» ያሉትን እዚያው አስተካክሉ።